በክብሪት ቀፎ የተለካ ከፍታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ የወገቧ ሕመም ተሻላት ወይ? ትንሿ ልጅህ ጥርስ ማብቀል ጀምራለች ብለኸኝ ነበር፤ እስካሁን ሳትነክሳችሁ አትቀርም። የጋራዡ ዘይት እጅህን ሰነጣጥቆታል ያልከውስ ዳነልህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም። እማም አለች። "ደህና ናት" ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን "ያልሆነውን አትጻፉ" ስል ኖሬአለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። አንተ በስልክ ማር ነህ። ለሁሉም "እሺ"፣ ለሁሉም "ችግር የለውም" ትላለህ፣ ሰውም ደስ ብሎት ይዘጋል። ወረቀትን ግን መሃል ላይ አቋርጠህ "እሺ እትዬ" ልትለው አትችልም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የታላቅህ እግር መሰበሩን ሰምተሃል። እንዴት እንደተሰበረ ግን በቅደም ተከተል የነገረህ ያለ አይመስለኝም።

አባታችን የተወልን ፒካፕ ለሁለቱ የጋራ መተዳደሪያ መሆኗን ታውቃለህ። ጠዋት ታላቅህ ከወንዙ ዳር ጠጠር ያመላልስባታል፤ ከሰዓት ታናሽህ አትክልት ይጭንባታል። ከተኳረፉ ወዲህ ቁልፉን እንኳ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። ታላቅህ ቀትር ላይ መኪናዋን አቁሞ ቁልፉን መቃኑ ላይ ካለው ምስማር ይሰቅልና ይገባል፤ ታናሽህ ጥግ ቆሞ ይጠብቅና ያነሳል። የጥላቸውን ምክንያት ስትሰማ ስቀህ ነበር፤ እዚህ ግን የሚስቅ አልነበረም። ታናሽህ ዝገት ፍቆ ቀለም ሲቀባ አባታችን በኋላው በር ላይ በእጁ የጻፈውን "ልጆች አሉኝ" የሚለውን አጠፋው። በቃ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ "ጨው አቀብለኝ በይው" እያሉ እማን አስተርጓሚ አደረጓት።

ከዝናቡ በኋላ ሁለቱም የሚመላለሱበት የወንዙ መንገድ ተቦረቦረና የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ ይመታው ጀመር። ፊቷን ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። መካሪ መቼ ጠፍቶ! አንዱ "ትልቅ ጎማ ግጠምላት" ይላል፤ ሌላው "ወፍራም ብረት አስበይድላት" ይላል፤ ጎረቤታችን አናጢው ደግሞ እንጨት ጠርቦ መጥቶ "ይቺን ከሥር ሽጉጥባት፣ ከመኪናዋም ከባለቤቱም ዕድሜ ትበልጣለች" አለ። መካኒኩ ጢሞ ብቻ "መጀመሪያ ያለቀውን ላስቲክና ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን ቴስቲና ለውጡ፣ ስለ ከፍታው ከዚያ በኋላ እናወራለን" ብሎ ነበር። ውድ ነው ተባለና ተተወ።

የተመረጠው ዘዴ ያንተ ነው። እኔ እንደገባኝ ላስቀምጠው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። የእኛን መኪና ፊት የሚሸከመው ሞላ አይደለም፤ በየጎኑ ከሥሯ የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ቡሎን ሲያጠብቁት ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ የመኪናዋም አፍንጫ ይነሳል። ክሪክና መፍቻ ካለ ሳንቲም አያስወጣም። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ጎማ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል፤ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ያ የታችኛው ቦታ ይጠባል። ጉልበቱን ሳያጥፍ ከግንብ እንደሚዘል ሰው ማለት ነው፤ ምቱን የሚቀበለው አጥንቱ ነው።

ታላቅህ ጠጠር ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ የግራው ጎማ ጉድጓድ ገባ። ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ቴስቲናው ከመቀመጫው ተነቀለ፣ ጎማው ታጠፈ፣ መኪናዋ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመች። እግሩ በመሪውና በበሩ መሃል ተያዘ። ሐኪሙ ብረት አስገብቶለታል፤ ይራመዳል ብሎናል። ያነክሳል ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን መነጽሩን ማጽዳት ጀመረ።

ጢሞ መኪናዋን ጎትቶ ጋራዡ ካስገባት በኋላ ከሥሯ ተንፏቆ ወጣና ሰው በተሰበሰበበት "ይሄን ቡሎን ሁለት ሰው ነው ያጠበቀው፤ አንዱ በልኩ መፍቻ፣ ሌላው በማይሆን መፍቻ አላምጦታል" አለ። የአባታችንን የመፍቻ ሣጥን ታላቅህ ቆልፎ እንደሚይዘው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የታላቅህ ሚስት ወዲያው ወደ ታናሽህ ዞራ "አንተ ነህ?" አለችው። እርሱም "እኔ ነኝ፤ ግን የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነው" አለ። "ማንን ጠይቀህ?" ስትለው መሬት መሬት አየ። "አያችሁልኝ! ባሌን ሊገድልብኝ ነው!" ብላ ጮኸች። እሷ ላይ አትፍረድ፤ አልጋው ሥር ሦስት ቀን የተኮራመተችው እሷ ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታናሽህ ቤት አልገባም። አትክልት ማከማቻው ውስጥ ከድንች ጆንያ መሃል ያድራል። ሰፈሩም ስም አውጥቶለታል፤ "ቡሎን" ይሉታል። ሲያልፍ "ጎማችሁን ደብቁ፣ ቡሎን መጣ!" ይባላል። ድሮ ቢሆን ከተናጋሪው ጋር ይተናነቅ ነበር፤ አሁን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እማ ሳህኑን በየምሳው አቅርባ በየማታው ታነሳዋለች።

እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ መምህርት ነኝ። ሆስፒታል ሄጄ ታላቅህን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቅሁት። በእረፍት ቀኑ በየጎኑ ሁለት ሁለት ዙር እንዳጠበቀ፣ ከዚያ ጎማውን በያዘው የብረት ክንድና ክንዱ ወደ ታች ሲወርድ በሚያቆመው ላስቲክ መሃል የክብሪት ቀፎ አስገብቶ እንደለካ ነገረኝ። ክብሪቱ ከገባ ደህና ነው ማለት ነው አለኝ። ገብቶለታል። ማን አስተማረህ ስለው "መሃለኛው ነዋ፣ በስልኩ እያየኝ። ለታናሼ እንዳልነግር አስጠንቅቆኛል፤ አንቺ ደግሞ ታናሼ አይደለሽም" ብሎ በዚያ ሕመሙ ሳቀ። በኋላ መኪናዋ ይበልጥ ከፍ ብላ ሲያያት እንኳ "እጄ ተባርኳል" ብሎ ነበር የተደሰተው።

ከእርሱ ተነስቼ ታናሽህ ዘንድ ሄድኩ። ስንት ዙር አጠበቅህ አልኩት። ሁለት አለ። በምን ለካህ አልኩት። በክብሪት ቀፎ አለ። ወንድሜ፣ ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ ምንም አይባልም። ሁለቱም በመጽሐፍ የሌለ አንድ ዓይነት መልስ ከጻፉ ግን የምጠይቀው መሃላቸው የተቀመጠውን ነው። የሁለቱ መሃል አንተ ነህ።

"መሃለኛው ነው አይደል ያስተማረህ?" አልኩት። ጆንያው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ቆይቶ "እትዬ፣ ክብሪቱ እኮ አልገባም ነበር" አለኝ። "መልሼ ደወልኩለት። 'ትንሽ ነው፣ ችግር የለውም፣ ብቻ ለማንም አትንገር' አለኝ።"

ክብሪቱ ለምን እንዳልገባ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። "ታላቅህ ነክቶታል፣ ተው" ማለት አንድ ትንፋሽ አይጨርስም። አንተ ግን ከአንዱ ጋር ማውራትህን ሌላው እንዳያውቅብህ ፈራህ። ሁለቱም "እሱ የእኔ ወገን ነው" እንዲሉህ ፈለግህ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። አንተስ ተንጠልጥለሃል፤ የተሰበረው ግን የወንድምህ እግር ነው።

"እንዳይጣሉ ብዬ ነው" ትለኝ ይሆናል። ታርቀው እንዲያድሩ ያልከውን አንድ ቃል ግን ከሁለቱም አፍ አልሰማሁም። ታናሽህ ያንተን "አትንገር" ተሸክሞ ነፍሰ ገዳይ መባልን መርጧል። እንዲህ ያለ ወንድም ላንተ አይገባህም ነበር፤ ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከራስህ አፍ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ይህን የያዘልህ የጎረቤታችን ልጅ ነገ ተሳፍሮ ሐሙስ ይደርሳል። ታላቅህ እሑድ ጠዋት ከሆስፒታል ይወጣል። እሑድ ከሰዓት በእኔ ስልክ ደውል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ታናሽህንም በጆሮው ጎትቼም ቢሆን አመጣዋለሁ። የምትለው አጭር ነው፤ "ለሁለቱም የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ታላቄ ማጥበቁን እያወቅሁ ከታናሼ ደበቅሁ" ትላለህ። "ግን" የምትባለውን ቃል አትጨምርበት።

ገንዘብ እልካለሁ አትበለኝ። ቴስቲናውን ጢሞ ይለውጠዋል፤ የታናሽህን ስም የሚለውጥ ጋራዥ ግን እዚህ የለም። ካልደወልክም የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በእጄ አለ። እማ ማንበብ ባትችልም ጆሮዋ ደህና ነው።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ትንሿን ሳምልኝ። እማ "ያ ልጄ ብቻ ነው ያላስቀየመኝ" እያለች ሰላም ትልሃለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ አስበው። ታላቅህ ስላሳየኸው ዘዴ አመስግኖሃል፤ ሰላምም ብሎሃል። ሚስቱ እግሩ ሲድን ሰላም እላለሁ ብላለች። ታናሽህን ላንተ ልጽፍ መሆኑን ነግሬው ምን ልበልልህ አልኩት። የበሰበሰውን ድንች ከደህናው እየለየ "ሰላም በይልኝ። እኔ እንዳልነገርኩሽ፣ ራስሽ እንደደረስሽበት አድርገሽ ጻፊለት፤ እንዳይቀየመኝ" አለኝ።

ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ
ከእማ ቤት፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን