ወይራ አፋፍ በውኃዋ መርካቷን ስላበሠሩን

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ህሩይ ባዬ፣
የሰሜን ደጋ ተግባራዊ ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ፣
ፒያሳ፣ ጎንደር።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ ይጥራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮዎ ይከፈት እያልኩ እመኝልዎታለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለምን በተለየ ትጋት እንደምመኝልዎ ደብዳቤው ሲያልቅ ይገባዎታል። እኔ ከቀሐ ማዶ ባለችው ቤቴ በፈጣሪ ቸርነት እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ደብዳቤ ሲከፈት እንዲህ ማለት ወግ ስለሆነ ነውና፣ ጉልበቴን ያመኝ እንደሆነ ሳይጠይቁ በጥናት ውጤትነት እንዳይመዘግቡብኝ አደራ እላለሁ።

ባለፈው ወር ተቋምዎ ባካሄደው ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ላይ «የማኅበረሰብ እናት» በሚል ማዕረግ ጠርተው ከፊት ወንበር ስላስቀመጡኝ ውለታዎን አልረሳም። ማዕረጉን ማን መርምሮ እንደሰጠኝ አላውቅም፤ ወልጄም አላውቅም። ወንበሩ ግን ለስላሳ ስለነበር አልተከራከርኩም።

በዚያ አዳራሽ በአንድ ቀን ያልተመረመረ ነገር አልነበረም። የባጃጅ ተራ ሰልፍ በሒሳብ ቀመር ተፈታ፤ ስወጣ ሰልፉ እዚያው ቆሞ አገኘሁት እንጂ። የከበሮ ድምፅ በኮምፒውተር ተለካ። የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ለጥርስ መፋቂያ እንደሚሆን ተነገረን። ጎብኚዎች በፋሲል መዋኛ ዳር ሲቆሙ የሚሰማቸው ስሜት በልዩ ልዩ ቀለም ተከፋፍሎ ግድግዳ ላይ በራ። እኔ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝና የዕውቀት ስፋት አያስደነግጠኝም፤ ያስደነቀኝ ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው የምትዘሉበት ፍጥነት ነው። ፌንጣም በየሣሩ ላይ ታርፋለች፤ አንዱንም ግን አታጭድም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ሰርካለም የተባለች ልጅ ጭነት የላጠውን የአህያ ጀርባ እንዴት እንዳዳነች ያቀረበችውን ጥናት በእውነት አደነቅሁ፤ ምክንያቱም አህያው ድኗል። አህያው ለምን እንደዳነ ቆይቼ የራሴን አስተያየት አቀርባለሁ።

ከምሳ በፊት ዶክተር ስማቸው የተባሉት ወጣት ተመራማሪዎ «የወይራ አፋፍ ቀበሌ የመጠጥ ውኃ ተጠቃሚዎች የእርካታ ደረጃ» የሚለውን ሥራቸውን ይዘው ወጡ። በግድግዳው ላይ ረጅም አረንጓዴ ምሰሶ ተተከለ፤ ከሥሩም «እጅግ ረክተዋል» የሚል ተጽፎ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄን አንሥቼ ሳለሁ ወይራ አፋፍ የተወለድኩባት፣ ታናሽ ወንድሜ ፋንታሁን እስከ ዛሬ የሚያርስባት መንደር መሆኗ ትዝ አለኝና እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አኖርኩት።

ክቡርነትዎ አገሩን ላያውቁት ስለሚችሉ ላስረዳ። ወይራ አፋፍ ከዳባት በላይ በገደል ጫፍ የተቀመጠች መንደር ናት። ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ቧንቧ ካቻምና ክረምት ናዳ ይዞት ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ገደሉን ይወርዳሉ፣ ይወጣሉም። ቧንቧውን ሊጠግን ተስማምቶ የነበረ አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ግን የእናንተን ጥናት አንብቦ፣ የረካን ሕዝብ እንደገና ከማርካት ያልረካውን ማስቀደም ይሻላል በማለት ጥገናውን ወደ ሌላ ቀበሌ ሊያዞረው ነው። ውሳኔው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይጸናል። እንግዲህ ምሰሶው አረንጓዴ የሆነው በዚህ ዋጋ ነውና፣ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ተመራማሪዎችዎ ወይራ አፋፍ በደረሱ ጊዜ ከወንድሜ ምራት ከትርንጎ ቤት መግባታቸው ትልቅ ክብር ነበር። ትርንጎ በዚያው ሰሞን ከነጀሪካኗ ገደሉ ላይ ተንሸራትታ ክንዷ ተሰብሮ፣ ወጌሻ አስሮላት፣ በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነበር። እንግዳ ሲመጣባት ቁርበት አነጠፈች፣ ቆሎ አቀረበች፣ በደህናው እጇም ውኃ እያፈሰሰች አስታጠበቻቸው። ያ የታጠቡበት ውኃ ክንዷን የሰበረው ውኃ ነው። እነርሱ የሚጠጡትን በሃይላንድ ይዘው ስለመጡ ጣዕሙን ለማወቅ አልታደሉም። እጃቸውን አድርቀው ሲያበቁ በውኃ አገልግሎቱ ምን ያህል እንደምትረካ ጠየቋት። እርሷም «ተመስገን፣ ምን ይጎድልብናል፤ እናንተም መጣችሁልን» አለች። ምሰሶው ላይ አንድ ጡብ ተጨመረ።

ይህን በስልክ ሰምቼ ምነው እንዲህ አልሽ ብዬ ብቆጣት፣ «ኧረ እትዬ! እንግዳ ገና አረፍ ከማለቱ ችግሬን ልዘርግፍበት? ኋላ ምን ይሉኝ? ሲሄዱ ልነግራቸው ነበር እኮ፤ ማኪናው ደጅ ላይ ቆሞ እየጮኸ፣ ምኑን ሸኘኋቸውና!» አለችኝ።

፪. እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ሽኝት ነው። በእኛ ደጋ እንግዳ ሲገባ ደግ ደጉ ይነገረዋል። ልጁ የታመመበት ሰው እንኳ ደህና ነን ብሎ ያስቀምጣል፤ ይህ ውሸት ሳይሆን ወግ ነው። ከዚያ እንግዳው ሲነሣ ቤተኛው ዱላውን ይዞ ይከተላል፤ ከመንደሩ ዳር፣ ከትልቋ ወይራ ሥር ሲደርሱ እጁን ይይዘውና «እንግዲህ ልጄ፣ አንድ ነገር ላጫውትህ» ይለዋል። ጋብቻ የሚጠየቀው፣ ጠብ የሚገለጸው፣ ረሃብ የሚነገረው እዚያ ነው። ከወይራዋ ወዲህ የሚባለው ሁሉ መግቢያ ብቻ ነው። ተመራማሪዎችዎ ማኪናቸውን ደጃፍ ድረስ አስገብተው ከደጃፍ ስለተሳፈሩ፣ የመንደሩን ሁሉ መግቢያ ሰብስበው ነገሩን እዚያው ትተውት ተመለሱ። መጽሐፍ በመቅድሙ ብቻ የሚመረምር ሊቅ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ማየት ብርቅ ነው።

፫. ወንድሜን መንደሩ «አያ ፋንታሁን» ይለዋል፤ ጉልበቱ እንደኔው የደከመ ነው። ማኪናው ሲነሣ ግን ያልተሸኘ እንግዳ አይቶ አያውቅምና፣ ነገሩንም ሳይናገር መቅረቱ አንገብግቦት ዱላውን ወደ ላይ እያነሣ፣ «ቁሙ እንጂ! ውኃውን! የውኃውን ነገር!» እያለ እስከ ወይራዋ ሮጠ። ከመስኮት ሆነው እጃቸውን አወዛወዙለት፤ ፎቶግራፍም አነሡት። ያን ፎቶግራፍ በዶክተር ስማቸው ገለጻ ማብቂያ ላይ በሰፊው ግድግዳ አየሁት። ወንድሜ አፉን ከፍቶ፣ ዱላውን ሰቅሎ፣ አቧራ ውስጥ ቆሟል። ከሥሩ «የአመስጋኙ ማኅበረሰብ ስንብት» ተብሎ ተጽፏል። አዳራሹ ሁለተኛ አጨበጨበ።

፬. ወይራ አፋፍ በተቋምዎ የተረሳች መንደር ናት ብዬ እንዳልዋሽ፣ ከዶክተር ስማቸው በፊትም በኋላም የልዩ ልዩ መስክ ሰዎች ተመላልሰውባታል። አንዱ የእሹሩሩ ዜማ ቀዳ። አንዷ የሕፃናቱን ቁመት ለካች። ሌላው የድንጋይ ካቡን አቀማመጥ ነደፈ። ከሁሉ የበለጠው ግን የወይራ አፋፍ እናቶች ልብ ከከተማ ሴቶች ልብ ይልቅ ጠንካራ መሆኑን ያረጋገጠው የጤና ጥናት ነው፤ በየቀኑ ዳገት ስለሚወጡ ነው ይላል፣ ለከተማ ሴቶችም ይህንኑ ይመክራል። ለምን ዳገት እንደሚወጡ፣ በጀርባቸውስ ምን እንዳለ መጠየቅ የሌላ መስክ ሥራ ስለሆነ አልገባበትም። ያ ሌላው መስክ ደግሞ ውኃውን የጠየቀው የዶክተር ስማቸው ነው፤ የሁለቱ ቢሮ አንድ ግድግዳ ይጋራል። እርካታን የለካው ልብን የለካውን አንድ ቀን በኮሪደሩ ላይ «ደህና አደርክ» ቢለው ኖሮ ቧንቧው ዛሬ ተጠግኖ ነበር። እርግጥ ያን ጊዜ የእናቶቹ ልብ እንዳይደክም ያሰጋል።

፭. ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም እንኳ ወይራ አፋፍ ተመልሶ አልተነበበም።

አሁን ስለ አህያው ቃል የገባሁትን ልፈጽም። የሰርካለም ጥናት እውነት የሆነው አህያ እንግዳ ስለማያከብር ነው። ሲያመው ይራገጣል። የወይራ አፋፍ ሰው ይሉኝታን ጥሎ እንደ አህያው ቢራገጥ ኖሮ፣ ተቋምዎ በፍጥነት ያድነው እንደነበር አልጠራጠርም።

ዶክተር ስማቸውን አላማቸውም። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እማማ፣ እኛ የጻፍነው እነርሱ ያሉንን ነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ያሉትን ጽፈዋል። እኔን ያስተማሩኝ አባቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ንባቡን አጥርቶ ትርጓሜውን የተወን ተማሪ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሱት ነበር፤ ልጃቸው በመሆኔም ምሕረት አድርገውልኝ አያውቁም። ደግሞም ዶክተር ስማቸው ሴት አያታቸው የእንፍራንዝ ሰው መሆናቸውን ነግረውኛል። እኒያ ሴት የልጅ ልጃቸውን ሳይሸኙ የቀሩበት ቀን አለ ብዬ አላምንም፤ እንግዲህ ልጁ ያልተማረው ሆኖ ሳይሆን፣ ዶክተር ሲሆን የዘነጋው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት እርስዎ ራስዎ፣ ካልተመቸዎም ዶክተር ስማቸው፣ ወደ ወይራ አፋፍ ይውጡ። ማኪናዋን ከታች ከዋናው መንገድ ያቁሟትና ዳገቱን በእግር ይውጡት፤ ለልብ እንደሚበጅ በራሳችሁ ጥናት ተረጋግጧል። ትርንጎ የምታቀርበውን ይቅመሱ፣ ያሻዎትን ይጠይቁ፣ «ምን ይጎድልብናል» ሲሉዎት ግን ብዕርዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ከዚያ ተነሥተው ደህና ሁኑ ይበሉ። ወንድሜ ዱላውን ይዞ ይከተልዎታል። ከወይራዋ ሥር እጅዎን ሲይዝዎት አይቸኩሉ፤ የምርምርዎ መጀመሪያ እርሱ ነው። ከሸኙዎት በኋላ የሰሙትን ለግብረ ሠናይ ድርጅቱ በማኅተምዎ ይላኩለት። አረንጓዴውን ምሰሶ አፍርሱ አልልም፤ ተቋሙ ብዙ የደከመበት ስለሆነ በክብር ይቀመጥ፤ ብቻ ውኃ አያወጣምና ቧንቧችንን ይልቀቅልን።

ዕድሜና ጸጋ ያብዛልዎ፤ በሰፊው ጠረጴዛዎ ላይ የጥናት ክምር አይጉደልብዎ፤ ዳገት ወጥተው የሰሙትን ይዘው የሚመለሱበትን ቀን ያቅርብልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እስከ ደጄም ሸኝቼዎ፣

የማኅበረሰብ እናት ተብዬዋ
እንኳየሁ ገብረ ኢየሱስ
ከቀሐ ማዶ፣ ጎንደር

ማስታወሻ፦ ከጉባኤው ስወጣ ከበሩ ላይ ከቢሮዎ የሆነች ሄለን የምትባል ሸጋ ልጅ «እማማ፣ ዝግጅቱን እንዴት አገኙት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ሰው ሁሉ ተመራማሪ በሆነበት ቀን ብቻዬን እንዳልቀር ትንሽ ተግባራዊ ምርምር ማድረግ አማረኝና፣ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎበት» ብዬያት ወጣሁ። ትናንት ደውላ በጉባኤው እጅግ ከረኩት እንግዶች አንዷ ስለሆንኩ በመጽሔታችሁ ሽፋን ላይ ፎቶግራፌ እንደሚወጣ አበሠረችኝ። የምርምሬ ውጤት ይኸው ነው። ፎቶግራፉን ለማንሣት ስትመጡ ግን በእግር ኑ፤ ስትወጡ የምነግራችሁ አለኝ።