የቤቲ ወንበር

ሰኞ

የቤቲ አባት ተስፋዬ ደወለ። ቤቲ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆናት አለኝ። አልሰማሁም ነበር። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እንኳ ሳልል "ምን ሆና?" አልኩት።

ሳል ጀመራት። ከዚያ ሳንባ ምች። ከዚያ ሆስፒታል። በአጭሩ ነገረኝ፤ ብዙ ሰው እንደጠየቀው ያስታውቃል።

የደወለው ስለ ወንበሩ ነው። ቤቲ ስትወለድ አየር አጥሯት አንገቷንም ወገቧንም መያዝ የማትችል ልጅ ነበረች። አምና የድጋፍ ወንበር ሠራሁላት። ጀርባው በእሷ ሰውነት ልክ የተቀረጸ ስፖንጅ፣ ከፊት የእንጨት ገበታ፣ ከሥር ጎማ። ከሠራኋቸው ሁሉ ጥሩው እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

"ሰናይት እሱን እያየች ቁጭ ብላ ነው የምትውለው" አለ። ሰናይት ሚስቱ ናት። "ነገ እህቷ ጋ ትሄዳለች። እሷ ሳትኖር መጥተሽ ውሰጂልኝ፣ ለሌላ ልጅ ይሁን።"

እሺ አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ንድፍ ጨረስኩ። ምሳ በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። አሁን ስጽፈውም ያው ነው።

ሌላ፦ የሕክምና ዕቃ አስመጪዎቹ እንደገና ደውለዋል። የሆስፒታል አልጋ ሽያጭ ኃላፊ ሁኚልን ይላሉ። ቋሚ ደመወዝ፣ መኪና። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። ለእነሱም እሺ፣ እስከ ዓርብ እመልሳለሁ አልኩ።

ማክሰኞ

ወንበሩን አመጣሁ። ተስፋዬ ፌርማታው ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። ሁለታችንም ስለ አየሩ አወራን። የታክሲው ረዳት ከኋላ ካስገባልኝ በኋላ "ልጁስ?" አለኝ። "ቤት ነው" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ማስረዳቱ ረጅም መስሎኝ ይሆናል።

ወርክሾፑ ኮልፌ ነው፣ ከገበያው ጀርባ። ብየዳውን የሚሠሩት ጋሽ ብርሃኑ ናቸው፤ ከጀመርኩ ጀምሮ አብረን ነን። ወንበሩን ሲያዩ "ምን ተሰበረ?" አሉ። ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ቆሙ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቱቦ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። እኔም ወደ ሥራዬ።

ረቡዕ

ወንበሩ ለሚልካ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ሚልካ አምስት ዓመቷ ነው። ቀራንዮ ነው ቤታቸው። እናቷ ወርቅነሽ ቅቤና ማር ትሸጣለች። ልጅቷ ከሱቁ ጀርባ ፍራሽ ላይ ተኝታ ነው የምትውለው። ያዘዝኩት ቱቦ ስላልገባ የእሷ ወንበር በጣም ቆይቷል። የቤቲ ብረት ትንሽ ቢረዝም ይበቃታል።

የሠራሁት፦
— ብረቱን ማስረዘም (ጋሽ ብርሃኑ)
— የእግር ማሳረፊያውን ማውረድ
— አዲስ ፎደራ፣ ሰማያዊ
— አዲስ ስፖንጅ

የድሮውን ስፖንጅ በቢላ ነው ያላቀቅኩት። ቤቲ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር፣ ግራው ጠልቋል። ትከሻዋ ያረፈበት ቦታ ይታወቃል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በር ላይ ነበሩ፤ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት ወንበሩን ለሚልካ አደረስኩ። ሲያስቀምጧት ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ከፈተች፣ ከዚያ ሳቀች። ወርቅነሽ አቀፈችኝ። እኔ የማስበው የደረቷ ማሰሪያ ብብቷን እንዳይልጣት ነው።

በፊት እንዲህ አልነበርኩም። መጀመሪያ ሥራዬ የሆስፒታል ማሽን ጥገና ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ከፕላስቲክ ወንበር ጋር አስራ አየሁ፣ እንዳይወድቅባት። የያዝኩትን ሥራ ትቼ ወንበሩን መንደፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ልጅ ሲቀመጥ እኔም ጋሽ ብርሃኑም አልቅሰናል። ያኔ ያለቀሰችው ልጅ እኔ መሆኔ ይገርመኛል።

ሐሙስ

ሰናይት መጣች።

ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ አንሷል። በሩ ላይ ሆና "ወንበሬን ልወስድ ነው" አለች። ባሏ ለእኔ መስጠቱን ትናንት ነው የነገራት።

"ተሰጥቷል" አልኳት። "ሰጥቼዋለሁ" ነው ማለት የነበረብኝ። ራሱ ተነስቶ የሄደ አስመሰልኩት።

"ስፖንጁስ? ጀርባዋ ያለበት?"

"ጣልኩት።"

ጋሽ ብርሃኑ ማሽኑን አጠፉና ዱካ ሰጧት። ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ልጄ ከሞተች ጀምሮ ሰው ሁሉ ቤቴን ያጸዳል" አለች። "ልብሷን እህቴ ወሰደች። መድኃኒቷን እሱ ጣለ። አንቺ ደግሞ ወንበሩን። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ማንም" አልኳት።

ቆይታ "ማን ተቀመጠችበት?" አለች። ነገርኳት። ስሟንም ዕድሜዋንም። "ወንበሩን ከፈለግሽው አስመልስልሻለሁ" አልኳት፣ እንዴት እንደማደርገው ሳላስብ። ተነስታ ወጣች።

ጋሽ ብርሃኑ "ውሃ እንኳ አላጠጣናትም" አሉ።

ዓርብ

ጠዋት ስለ ሰናይት ጋሽ ብርሃኑን አማከርኳቸው። ወንበሩ ቢመለስ ሚልካ ወደ ፍራሹ መመለሷ ነው። "ቃል ከአፍሽ ወጥቷል፣ ከጠየቀች ትመልሺያለሽ" አሉኝ። "ለሕፃኗ ካለን ቁርጥራጭ ጊዜያዊ ነገር እበይዳለሁ። አያምርም ግን ትቀመጣለች።" ከዚያ ቁርጥራጩን ሲመርጡ ዋሉ፣ ማንም ገና ሳይጠይቃቸው።

አስመጪዎቹ ደወሉ። ትንሽ ቀን ጨምሩልኝ አልኩ። ሰውየው ትሑት ነው፤ "ኢንጂነር፣ ሌላ ዕጩ አለን" አለኝ። "እንግዲያው እሷን ቅጠሩ" አልኩት። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። ዘጋሁ። ደስ እንዲለኝ ወይም እንዲቆጨኝ ጠበቅኩ። አንዱም አልመጣም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሰናይት መልእክት ላከች። "ልጅቷን ማየት እፈልጋለሁ።"

ወርቅነሽ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩ የማን እንደነበር፣ የቤቲ እናት ሳትጠየቅ እንደመጣ። ከኋላዋ ደንበኛ ይጠራታል። "ትምጣ" አለችኝ በመጨረሻ። "ወንበሯን ከፈለገችም ትውሰድ፣ የእሷ ነው። ግን ቤቴ ገብታ ሳታርፍ አትሄድም።"

ቅዳሜ

ከሰናይት ጋር ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ ነበር።

ወርቅነሽ ወንበሩን ሱቁ በር ላይ አውጥታዋለች። ሚልካ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ገበታውን በመዳፏ ትመታለች። ሰናይት ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ክንዴን ያዘች፣ ጠበቅ አድርጋ። እንመለስ ልትለኝ ነው ብዬ ነበር።

"አትመስላትም" አለች።

ከዚያ ተሻገረች። ወርቅነሽ ስታያት ማልቀስ ጀመረች፤ ሰናይት ናት ያባበለቻት። ሚልካ የሰናይትን ነጠላ ጫፍ ይዛ ሳበች፣ አለቅም አለች። የቤቲ ጣቶች ተጨብጠው ነበር የሚውሉት፤ ምንም አትይዝም ነበር። ሰናይት ነጠላውን አላስለቀቀቻትም። "ይቺስ ጉልበተኛ ናት" አለች።

ሻይና ዳቦ ቀረበ። ሁለቱ እናቶች አጎንብሰው ያወራሉ። ሌሊት ታስተኛሻለች? ምግብ እንዴት ትውጣለች? በብርድ ጊዜ እግሯን ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ በማር ባልዲዎቹ መሃል ተቀምጫለሁ። የጠየቀኝ የለም። ልክ ነው።

ልንወጣ ስንል ሰናይት ወንበሩን ከኋላው ያዘች፤ እጀታውን። ወርቅነሽ ልጇን ልታነሳላት ጎንበስ አለች፣ እውነትም ወንበሩን ልትሰጣት። ሰናይት ራሷን ነቀነቀች። "ይቆይ" አለች። "እኔ ነኝ ያልኩት። ይቆይ።"

ታክሲ ውስጥ "አንቺን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም" አለችኝ። "ወደፊት እንጃ።"

"እሺ" አልኳት። ይሄኛው እሺ ከሰኞው ይለያል።

እሁድ

ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱን አልሰማሁም። ቤት ተመልሼ ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ዘነበበት፣ እንደገና አሰጣሁ።

ነገ አዲስ ልጅ ልለካ ነው። ወንድ፣ ሦስት ዓመቱ። ወላጆቹን ሁልጊዜ የምጠይቀው ቁመት፣ የትከሻ ስፋት፣ ሲበላ እንዴት እንደሚያዝ ነው። ከነገ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። ወንበሩ መጨረሻው ላይ የት ይሂድ? ማንን ልጠይቅ? አባቱንም እናቱንም፣ አንድ ላይ ተቀምጠው።

እናት ፊት ይሄ እንዴት እንደሚባል ግን አላውቅም። ስሞክር ዋልኩ። "የማያስፈልገው ጊዜ ሲመጣ" አልኩ፤ ጆሮዬ አልወደደውም። "ምናልባት አንድ ነገር ቢፈጠር" ከዚያም የባሰ ነው። ጋሽ ብርሃኑ ጋ ደወልኩ። ምሳ ላይ ነበሩ። አስበው አስበው፣ "ሲያድግና ሲጠበው በይ" አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ሲያድግና ሲጠበው። ግማሹ ላይ ድምፄ ተሰበረ። እንደገና አልኩት፣ እስኪወጣልኝ።