ተነሽ እና ወዳቂ

ይህች ወረቀት በደህና ትድረስሽ፣ እናቴ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከእንጦጦ ብርድ በቀር የሚደፍረኝ የለም።

«ሦስት ዓመት ተምረህ ምን አወቅህ? መምህርህ ሰነፍ ቢሆን ነው፤ ና ግባ» ብለሽ የላክሽብኝ ደርሶኛል። ስድቡን ለእኔ አድርጊው፤ የኔታ አይገባቸውም። ሰው በባዶ ሆዱ፣ በሚያፈስ ጎጆ፣ እንደኔ ያለ ሰይጣን ፊቱ ተቀምጦ ምን ያህል ያስተምራል? እሳቸው ጠግበው ካደሩ ድንጋይ ያስነብባሉ።

የሚያጠግቧቸው እመት በለጡ ነበሩ፤ ከየካ ዳገቱን ወጥተው በየሁለት ቀኑ ቂጣ የሚያመጡ ደግ ባልቴት። አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ደጁ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ እኔ አነባለሁ። መቼም በግዕዝ ንባብ ድምፁ ከፍ የሚለው ቃል «ተነሽ»፣ ዝቅ የሚለው «ወዳቂ» ይባላል። እኔ ተነሹን ወዳቂ አድርጌ አነበብሁት። የኔታ «ተነሽ!» አሉ። ደገምሁት። «ተነሽ እንጂ! ተነሽ!» ብለው ጮኹ። እመት በለጡ ብድግ! አገልግላቸውን ታቅፈው ቁልቁል። የኔታ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበርና አላዩም። እኛ በሣቅ ሞትን።

ከዚያ ወዲያ ቂጣው ቀረ። የየኔታ ድምፅ ሰለለ፤ እያስተማሩ ያንቀላፉ ጀመር። ትናንት ለደብሩ አለቃ «ማስተማር ከእኔ አልቋል። ሦስት ዓመት ያስተማርሁት ልጅ አንዲት ቃል ማንሣት አቃተው። እሑድ እሄዳለሁ፤ ሌላ ተኩ» ሲሉ ሰማሁ።

ወዲያው ወደ የካ ወረድሁ። ለእመት በለጡ «ተነሽ የተባለው ቃሉ ነው» ብዬ ባስረዳቸው መጀመሪያ ማማሰያ አነሡብኝ፣ ቀጥለው ሣቁ። «አንተ ከይሲ! ነገ እወጣለሁ በላቸው» አሉኝ። የየኔታ የሆድ ነገር እንዲህ አለቀ። የልባቸው ቀረ።

እማዬ፣ ያችን ቃል አውቃት ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓመት አስተምረውኛል። እመት በለጡ ብድግ ሲሉ ለማየት ብዬ ነው ያጣመምኋት። ይህን የኔታ ፊት ቆሜ ልናገር ሦስቴ ገባሁ፤ ሦስቴም «ውኃ ልቅዳ ወይ?» ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ና አትበዪኝ። ይልቅ ጥሬ ላኪልን፣ ለሁለት የሚበቃ። እሑድ የትም አይሄዱም፤ እወራረድሻለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ቤትሽ አይጉደል። ወረቀቱ ነገ በነጋዴ እጅ ይወርዳል። ዛሬ ግን፣ ተማሪ የጻፈው ሳይታረም ከዚህ ደጅ አይወጣምና፣ ለየኔታ ሰጥቼ አንብበው እስኪጨርሱ ፊታቸው እቀመጣለሁ። የሚያነብልሽ ቄስ የተፋቀ ፊደል ቢያገኝ የእሳቸው እጅ ነው።

አጥፊው ልጅሽ