ከሸሚዝ ኮሌታ የወጡት ደብዳቤዎች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ተቀበሉት! የወንድሜን ወረቀቶች መዝገብ ቤቱ ተቀበለ! ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ከሥራ ልወጣ ስል ሲግሪድ ኮሪደሩ ላይ ጠራችኝ፤ መወልወያዬን እንደያዝኩ። «አልማዝ፣ አለቆቼ እሺ ብለዋል» አለችኝ። አርባ ሦስቱንም። የራሱ ካርቶን፣ የራሱ ቁጥር፣ በላዩ ላይ የወንድሜ የአሰፋ ስም ከነአባቱ።

አራት ዓመት የዚያን ቤት መደርደሪያ ሳጸዳ፣ የሌላ አገር እስረኛ ደብዳቤ፣ የሌላ አገር ስደተኛ ግጥም በየካርቶኑ ተኝቶ እያየሁ «የኔስ ወንድም?» እል ነበር። ባለፈው ዓመት አፌን ከፍቼ ሲግሪድን ጠየቅኋት። ለመዝገብ ቤቱ ወረቀት የምትሰበስበው እሷ ናት። ይኸው።

ልጄ ሩት አንድ ቀን ፊደሉን በደንብ አጥንታ ይህን ደብተር ካነበበች ይግባት። ወንድም ጋሼ በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ በየቅዳሜው ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ንጹሕ ልብስ አስገባለሁ፣ ያደፈውን እቀበላለሁ። ቤት ስገባ የሸሚዙን ኮሌታ እተረትራለሁ። ውስጡ የሲጋራ ወረቀት አለ፤ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። ማን ለምርመራ እንደተወሰደ፣ ማን መታመን እንደሌለበት፣ ለኅቡዕ ድርጅታቸው ምን እንደሚነገር። አንዳንዴ ግጥም። አንድ ቅዳሜ ዘበኛው ስንቁን መለሰልኝና «ልብሱንም ውሰጂ» አለኝ። ያኔ ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ምንም አላገኘሁም።

ለሁሉም ደወልኩ። ለደረጀም ደወልኩ። አውቄ ነው፤ እንዲያቃጥለው። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረ ሰው ነው፣ አሁን እዚሁ ኖርዌይ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ይኖራል፣ የአበሻው ማኅበር ሁሉ ትልቅ ሰው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየእንቁጣጣሹ መድረክ ላይ ይወጣና «ለእናቴ ከእስር ቤት የጻፍኳት» እያለ ይህችን ያነባል፦

ሸሚዜ ታደለ ሄዶ ከቤት ዋለ፣
እጅሽን ቀመሰ ጠረንሽን አዘለ፤
እኔ ባለቤቱ ከግድግዳ ጋራ፣
ቅዳሜን ስጠብቅ ስምሽን ስጠራ።

ሰው ያለቅሳል። እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። ግጥሟ በወንድሜ እጅ ተጽፋ የኔ መሳቢያ ውስጥ ናት! ስናገር «አንቺ እኮ ልጅ ነበርሽ» ይሉኛል። የሰውዬውን ጣቶች ምርመራ ላይ ሰባብረዋቸዋል፤ ያሳዝናል፣ አላሳዘነኝም አልልም። ግን እስክሪብቶ መያዝ የማይችል ሰው በምን ጻፋት? በአፍንጫው?

«ጋሽ ደረጀ፣ እንኳን ደስ አለን» አልኩት።

«የድርጅት ንብረት ነው የምታስረክቢው» አለኝ።

«ድርጅቱ የት ነው ያለው? አድራሻውን ይስጡኝና ልላክለት።»

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ወለል መወልወል ሌላ፣ ታሪክ ማስረከብ ሌላ!»

ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ምንኛ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ጉድ ሠራሁ።

ነገ ነው የማስረክበው። የተጨማደደ ወረቀት ለመንግሥት ቤት ይሰጣል እንዴ? ለወንድሜ ክብር ብዬ ካውያውን ለብ አደረግሁ፣ ነጭ ጨርቅ ከላይ አለበስኩ፣ አንድ በአንድ ተኮስኳቸው። እንዴት ያምር ነበር! ቀጥ፣ ለጥ። አሥራ አንደኛው ላይ ሩት ከትምህርት ቤቷ ገባች።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ስቶፕ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«አያይም እንዴ ዓይንሽ? አጎትሽን እያሳመርኩ ነው።»

ሶኬቱን ነቀለችው። እጥፋቱ ራሱ ታሪክ ነው አለችኝ፤ እንዴት እንደተደበቀ የሚመሰክረው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት፣ ታውቃለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠላሳ ሁለቱ ተርፈዋል። አንዷ ጥቅል ደግሞ ከድሮም የምትከፈት አይደለችም። እናቴ በፍተሻ ጊዜ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወትፋት ዝናብ ገብቶባት ተጣብቃለች። ካውያ ያልነካት እግዜር ሲጠብቃት ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ዛሬ የዋልኩትን ቀን ለጠላቴም አልመኝ። ለደረጀ እመኛለሁ።

ሲግሪድ የተተኮሱትን ስታይ «ካውያ?» አለች። ቆየችና እንደገና «ካውያ?» ፊቷ ቀላ። ግን ጨዋ ናት፣ አልተቆጣችም። ከዚያ በማጉያ መስታወት አየችና «ይህን ሁሉ ቀዳዳ ነፍሳት ነው የበሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የመርፌ ነው እኮ! ወንድም ጋሼ ከብርድ ልብሱ ክር እየመዘዘ ኮሌታውን መልሶ ሲሰፋው መርፌው ወረቀቱን ይወጋዋል። የትኛውም ካውያ አያጠፋውም። ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ትንሽ ኮራሁ።

ኩራቴ አንድ ሰዓት አልቆየም። ደረጀ ሦስት ገጽ በኖርዌይኛ አጽፎ ልኳል። ወረቀቶቹ የጋራ ናቸው፣ የሸሚዝ ግጥሟ የኔ ናት፣ ሴትዮዋ ውክልና የላትም ይላል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። አለቃቸው ባለቤትነቱ እስኪጣራ ካርቶኑ ላይ ስም አይጻፍም አለ። ስም የሌለው ካርቶን! ወንድሜ መቃብር የለውም፣ አሁን ደግሞ ካርቶኑም ስም አይኑረው?

በአውቶቡስ ስመለስ ስሰድበው መጣሁ፤ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ነበር መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ተነስታ ሄደች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ይህን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ።

ወረቀት የምትጠግነው ሴትዮ የተጣበቀችውን ጥቅል እርጥበት ያለው ሳጥን ውስጥ አሳድራት ዛሬ ከፈተቻት። ፊደሉ አለ፣ ደብዝዟል ግን ይነበባል። የወንድሜ እጅ ነው። ይህን ነው የሚለው፦

«አልማዝዬ፣ ግጥሚቱን ለደረጀ እናት አድርሺላት። ጣቶቹ አይሠሩም፣ ሐሳቡን እሱ ነግሮኝ እኔ ነኝ ቤት ያስመታሁለት። ማንበብ አይችሉም፣ አንቺ አንብቢላቸው። ልጅዎ ጻፈልዎ በያቸው። እኔን አታንሺ። ወረቀቷን እዚያ እንዳትተዪ፣ ቤታቸው ይፈተሻል።»

«ምን ይላል?» አለች ሲግሪድ። ለመዝገቡ ትርጉሙን የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ከእነሱ አማርኛ የሚያነብ የለም።

«የቤተሰብ ሰላምታ ነው» አልኩ።

ጻፈችው። የቤተሰብ ሰላምታ።

አሁን ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሳትጣበቅ አንብቤያት ነበር። ብዙ እናቶች ቤት እየሄድኩ አንብቤያለሁ፣ የትኛዋ እናት የማን እንደሆነች ተደበላልቆብኝ ኖሯል። አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆመው «ድገሚልኝ» እያሉ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «ልጅዎ ነው የጻፈልዎ» አልኳቸው። በገዛ አፌ! ወረቀቷን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ለዚህ ነው እኔ ዘንድ የተገኘችው።

እና ምን ይሁን? የደረጀ እናት ከሞቱ ቆይቷል። እሱ መድረክ ላይ ሲያለቅስ ወንድሜን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም። ሰላምታ ነው ብያለሁ፣ ሰላምታ ይሁን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

አሸነፍኩ! ሲግሪድ ነገረችኝ፤ የግጥሟ እጅ ጽሑፍ ከደብዳቤዎቹ ጋር አንድ ነው፣ የመርፌው ቀዳዳም አንድ ነው፤ ደረጀ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ማሳየት አልቻለም። ሰኞ ይወሰናል፣ ለኔ ነው የሚወሰነው። ኬክ ገዛሁ። ሩት በላች። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ።

ስልኬ ሲጮህ ዋለ። የደረጀ ወዳጆች «የወንድሟን አጥንት ለፈረንጅ አስረከበች» እያሉ ነው አሉ። አንዷ ደግሞ መሐል ከተማ ሱቅ ውስጥ አግኝታኝ «ጽዳቷ ጸሐፊ ሆነች» ብላ አልፋኝ ሄደች። «አንቺም ሞክሪው፣ ጽዳት ግን ማንበብ ይጠይቃል» አልኳት ከኋላዋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«በያቸው» ያለኝ ለእናቲቱ ነው። እሳቸው የሉም። ታዲያ ትእዛዙ አብሯቸው ተቀበረ? ወይስ እኔ እስካለሁ አለ? ማንን እጠይቃለሁ? «እኔን አታንሺ» ያለውን ደግሞ አልቀበለውም። ለሱም ቢሆን አልታዘዝለትም፣ ስሙን አነሳለሁ። ግን ስሙን በውሸት ላይ ላቁመው?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ባቡር ቀይሬ ትሮስተሩድ ሄድኩ። ራሱ ነው በሩን የከፈተው፣ በፒጃማ።

«ልትለምኚ መጣሽ?»

«ልሳደብ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን ይህን ያንብቡ።»

ጥቅሏን በስልኬ አንስቼያታለሁ። መነጽሩን አደረገ። ፊደሉን ሊያሰፋ ሲሞክር ጣቶቹ እምቢ አሉት፣ እኔ አሰፋሁለት። አነበበ። መጨረሻ ላይ ደርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ያለቅሳል ብዬ ነበር፤ መሐረብ ሁሉ ይዤ ነበር።

«እናቴ አንዲት ባለ ሹሩባ ልጅ አነበበችልኝ ትል ነበር። አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ሌባ ስትዪኝ!» ብሎ ጮኸ። «ራስሽ ተናግረሽ! ራስሽ!»

«እርስዎስ? የወንድሜን ስም አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ጠርተው ያውቃሉ?»

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ «ስሙን ብጠራ ንባቡን አልጨርሰውም ነበር» አለ። አላመንኩትም። ግማሹን አመንኩት።

አልተቀመጥኩም፣ ተቀመጪም አላለኝ። ቆመን ግጥሟን መከፋፈል ጀመርን! «ሸሚዜ ታደለ» የኔ ናት ይላል። ትሁን። «ጠረንሽን አዘለ»ም የኔ ናት አለ። «ጠረን የወንድሜ ቃል ነው፣ ደብዳቤዎቹ ውስጥ ሞልቷል» አልኩ። «እሺ እሷን ውሰጂ። ግን ‹ባለቤቱ› የምትለዋን ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ እሷ የሱ ናት። ማታ ነው ያመጣት።» አንድ ሰዓት እንደዚህ ተናቆርን። ስለ ወንድሜ ሳቅ ከሞተ ጀምሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የነገረኝ ይህ ሰው መሆኑ ያናድደኛል።

ስወጣ «ለፈረንጆቹ ምን ብለሽ ነው ያስጻፍሽው?» አለኝ።

«የቤተሰብ ሰላምታ።»

«አንቺ እባብ!»

«ከርስዎ ነው የተማርኩት» ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰው ፊቱን አዞረብኝ። ቆጥሬያለሁ።

ለሩት ሁሉንም ነገርኳት። «ማሚ፣ የውሸት ትርጉም አስመዘገብሽ? ከሥራ ያስወጣል እኮ!» አለች። ይህን እንኳ አላሰብኩም ነበር። ሥራዬ። መታወቂያ ካርዴ። ያ ቤት። ደግሞ ሲግሪድ የኔን ቃል ይዛ ነው ከአለቆቿ ጋር ስትሟገት የከረመችው።

«ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም» አለች ሩት ቆይታ። አየኋት። «እየነገርኩሽ ነው እንጂ አድርጊ አላልኩም» አለች።

ደረጀ አልደወለም። እኔም አልደውልም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ነገርኳት። ካፖርቴን ሳላወልቅ። ጥቅሏን ከፊቷ አስቀምጬ ቃል በቃል ተረጎምኩላት፣ «እኔን አታንሺ» የምትለዋን እንኳ ሳላስቀር።

ሲግሪድ መዝገቡን ከፈተች። «የቤተሰብ ሰላምታ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከዚያ «ሌላስ የደበቅሽው አለ?» አለችኝ። ከደረጀ ስድብ ሁሉ ይህች በለጠች። የለም አልኩ። የቀሩትን ሁሉ ሌላ አስተርጓሚ ያያቸዋል አለች። ይያቸው። አልተከራከርኩም፤ እኔ አለመከራከሬን ራሴም አላመንኩ። ከሥራ አላስወጡኝም። አለቃቸው ግን ጠርቶ ሲያናግረኝ አንድም ጊዜ አልሳቀም።

ውሳኔው፦ ካርቶኑ በወንድሜ ስም ነው። የሸሚዝ ግጥሟ ወረቀት ላይ ግን ሁለት ስም ይገባል፣ ሐሳቡ የደረጀ፣ ስንኙ የአሰፋ። ደረጀም የሦስት ገጽ አቤቱታውን ትቷል። ጠዋት ነው የጻፈላቸው፣ እኔ ሳልናገር በፊት። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። ብስጭት ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። «የካርቶኑ ምረቃ ላይ ግጥሟን የማነበው እኔ ነኝ» አለ። ልመና እንዳይመስላችሁ፣ ትእዛዝ ነው። «ያንብቡ» አልኩ፤ «ግን መጀመሪያ የወንድሜን ስም ይጠራሉ። ካልጠሩ ማይኩን እነጥቅዎታለሁ።» «ድምፄ ከጠፋስ?» «እኔ እጨርስልዎታለሁ። እንኳን ለርስዎ ለእናትዎም ሦስት ጊዜ አንብቤያለሁ።» ዘጋብኝ። አልወደውም። ገና አልወደውም።

ካርቶኑን ግን አየሁት! ግራጫ ነው፣ ስሙ በጥቁር፣ ከነአባቱ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ነካሁት። ስሙ ተጽፏል! ሲግሪድ ለምረቃው ለአንድ ቀን ታውሰናለች፣ ራሷ ይዛው ትመጣለች፣ ሁሉም ያየዋል።

ለሁሉም እየደወልኩ ነው፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሮመን፣ የሰፈሩ አዳራሽ። ፊታቸውን ያዞሩትም ይምጡ፣ ሱቅ ውስጥ የሰደበችኝም ትምጣ፣ ለሁሉም ወንበር አለ። ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ! ማንም እንዳይቀር።