የአፈር ዶክተር

የካቲት 10
ልብስ አጠብኩ። ፀሐይዋ ደህና ነበረች። የጓሮው ካሮት ዘንድሮም አልሆነም… ቅጠሉ ለጉድ፣ ሥሩ የአይጥ ጭራ። ይሁን ብዬ ልቀቅለው ስል ጉንዳን ከእጄ ነጠቀችኝ። የልጅ ልጄን ጉንዳን ያልኳት በሕፃንነቷ መሬት ስትጭር ስለምትውል ነው። አሁንም ትጭራለች፤ በዲግሪዋ።
«እማዬ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ከአጥሩ ወዲያ ያለው የባትሪ ጋራዥ አሲድ ሲደፋበት ኖሮ አፈሩ ታሟል።»
አፈር ይታመማል እንዴ? ወደ ጋራዡ ዞሬ «አፈር ብላ!» አልኩት።
«እሱንማ እኛ እየበላንለት ነው» አለችኝ። ይህን ምላስ ከማን ወረሰችው? እንጃ…

የካቲት 12
ጫማዋን ሳታወልቅ ዘው አለች። ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ቦታ ወጥቷል። የታመመ አፈርን በተክል ስለማከም። ወጪውን ሁሉ እነሱ ይችላሉ፣ ደመወዝም አለው። ለመማር ደመወዝ! እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት እንዲህ ያለ ደግ ሰው ጠፍቶ ነው።
ግን ሩቅ ነው። አራት ዓመት። የሚወስዱትም አንድ ሰው ብቻ።
«አመልካቹ እንደ አሸዋ ነው፣ እማዬ።»
«አሸዋ መለየት ያንቺ ሥራ አይደል?»
ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ቀዝቀዝ አለችና «ማን አለሽ ግን? እኔ ከሄድኩ…»
«ምላሴ አለኝ» አልኳት።

የካቲት 15
ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ «ጉንዳን ዶክተር ልትሆንልኝ ነው» ብዬ ነበር። ዛሬ ጉልበቷን ገልጣ መጣችና ጉንዳን ፊት ዘረጋችው።
«እስኪ እይልኝ፣ ስቀመጥ ይጮኻል።»
ጉንዳን ዓይኗ ፈጠጠ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የምማረው አፈር ነው።»
ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን መለስ አድርጋ አሰብ አደረገች። «አሃ! ሌሎቹ ሐኪሞች ሲያቅታቸው ነዋ የሚጠሩሽ!»
ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ይህች ሴት አንድ ቀን በሳቅ ትገለኛለች።

መጋቢት 20
ለቃለ መጠይቅ ጠሯት! በኮምፒውተር ነው አሉ። መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ አድርጌ ፕሮፌሰር ሆንኩላት።
«እስኪ ምን ሠርተሻል?»
«ያን ያህል እንኳን… ትንሽ ሞካክሬያለሁ።»
ጨዋ አድርጌ አሳድጌ አጠፋኋት! ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስትንከላወስ፣ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ስትቆፍር፣ በየጣሳው የሱፍ አበባ ስትተክል… ይህ ሞካክሬያለሁ ነው?
«ለአንድ ቀን ባለጌ ሁኚልኝ» አልኳት። «አንገትሽን ቀና፣ ድምፅሽን ከፍ።»
«እሺ እማዬ።»
«እሺም አትበይ!»

መጋቢት 24
ምን ጉድ ሠራሁ ዛሬ…
መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። «እማዬ፣ እስክጨርስ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ።» ያዝኩ። በነጠላዬ ጭምር። በር ሥር ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ፕሮፌሰሩ ያገራችን ሰው ኖሯል፣ በአማርኛ ምን ሠርተሻል አላት። እሷም «ትንሽ…» አለች። አይ ልጄ! ይባስ ብሎ ልብስ ሰፊዋ ከውጭ በሩን ትደበድብ ጀመር። «ዶክተርዋ አለች?»
«አፈር ስሆን ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩ። ከእሷ ይልቅ እኔ ቤቱን አናጋሁት።
ከውስጥ የሰውዬው ድምፅ፤ «ማናቸው አፈር ልሁን የሚሉት?»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር?
ጉንዳን ግን ሳቀች። «አያቴ ናት። እኛ ቤት ስንለምን አፈር ስሆን ነው፣ ስንራገምም አፈር ብላ። እኔ ደግሞ አፈሩ ራሱ ምን እየበላ እንደሆነ አጥንቻለሁ» አለችው።
ከዚያማ ማን ያቁማት! ጋራዡን፣ ካሮቱን፣ የሱፍ አበባው መርዙን ከሥር እንዴት እንደሚስበው… ዘረገፈችው። ትንሽ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። በር ሥር ቁጭ ብዬ አንገቴ እንደ ቀጭኔ ረዘመ።

ሚያዝያ 9
አለፈች! እልልታዬ ጋራዡ ድረስ ተሰማ። ይስማ!

ሰኔ 3
ጉንዳን ለጉዞዋ ልብስ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።
«ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩልኛል ብዬ ልጠይቃቸው ይሆን?»
«ምን ሆነሽ?»
«እንዲሁ።»
እንዲሁ አይደለም፣ አውቃታለሁ። ያቺን ቦታ የሚጠብቅ እንደ አሸዋ የበዛ ሰው አለ። «አፈር ስሆን ሂጂ!» አልኳት።
ሸሚዙን ጣለችና አለቀሰች። «እሱን እኮ ነው የምፈራው፣ እማዬ። እኔ ሳልኖር ብትሆኚስ?»
በዚህ ቃል ስንት ዘመን ስለምን ኖሬ ምን እያልኩ እንደሆነ ሰምቼው አላውቅም ለካ።
«አልሆንም» አልኳት። «ዶክተር ከልክሎኛል።»
«የቱ ዶክተር?»
«የምትሄደው።»
አፍንጫዋን ጠረገች። ሸሚዙን አነሳች። አጠፈችው፤ ደግማ አልዘረጋችውም።

ጥቅምት 18
ደወለች። ብርድ ነው፣ ምግቡ አልጫ ነው፣ ፕሮፌሰሩ አያትሽ እንዴት ናቸው ይላል። የጓሮዬን አፈርም ታጠናለች፤ በላስቲክ ቋጥራ ይዛ ሄዳ የለ! ካሮቱ በነበረበት ቦታ ትታ የሄደችው የሱፍ አበባ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ጋራዡን ቁልቁል ያየዋል። ፍሬው አይበላም ብላ አስጠንቅቃኛለች። ውኃ አጠጣዋለሁ፣ ወሬም አወራዋለሁ… ሰሚ ነው፣ አያቋርጥም።
ልብስ ሰፊዋ መጥታ ቀሚሴን ልታሳጥርብኝ ተነሳች። እንዳትቆርጪው ብዬ ልለምናት «አፈር…» አልኩና ቃሉን ዋጥኩት።
«ካሮት ስሆን ተይው» አልኳት።
መቀሷ አየር ላይ ቀረ። «ካሮት?!»
«ምን ላድርግ እቴ፣ አፈሩ እስከ አራት ዓመት ተከልክሏል።»