የሳጂድ ስምና ባለ ሦስት ማራገቢያው ካርድ

ለወንድሜ ለኡመይር፣ ጅዳ።

በዚህ ደብዳቤ ለምነግርህ ውርደት ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ኡመይር። ይህን አስቀድሜ ካልሁ ሰላምታዬን ላድርስ። አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምህ? ወገብህስ ተሻለህ? ከሌሊት ዘበኝነቱ ወደ ቀን ተዛወርህ ወይስ እዚያው ነህ? ሚስትህ መጂዳ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ለብቻው ነው፤ ጥላ ሥር ያስቀመጥነው ውሃ እንኳ ለገላ መታጠቢያ ያህል ይሞቃል።

በስልክ ያልነገርሁህ ስለምትስቅ ነው። ወረቀት ላይ ስትስቅ አልሰማህም። ደግሞም አንተ ትምህርት ቤት ስትላክ እኔ ሰሊጥ አርም ነበርና፣ ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ነውና፣ ይህን ያህል መስመር መጻፍ እንደቻልሁ እይልኝ።

ልጄ ሳሚያ የሠርግ ቪዲዮ የምትሠራባትን ክፍል ታውቃታለህ፤ ከመንገዱ ዳር ያለችው፣ ድሮ በግ እናስርባት የነበረችው። ኮምፒውተሯ ውስጥ ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ነበረ። ግራፊክስ ካርድ ምስሉን የሚያሰላው እቃ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ወይም አውቀዋለሁ ትላለህ። በዚያ በትንሹ ካርድ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ አንድ ላይ ገጥሞ ለማውጣት ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ይፈጅ ነበር። ማንም አላማረረም። ከኢድ በኋላ ሠርጉ ሲደራረብ ግን ሳሚያ ፈጠን ያለ ቢኖር ብላ ተመኘች።

ሳጂድ ዘንድ ሄድሁ። የሐጂ ሙሐመድጣሂር የመጨረሻ ልጅ ነው፤ በአባቱ ሱቅ ስልክና ኮምፒውተር ይሸጣል። ሁለት ካርድ አወጣልኝ። አንዱ የሳሚያን የሚመስል ትንሽ፣ ሌላው ባለ ሦስት ማራገቢያ፣ እንደ ብሎኬት የሚከብድ። «እማ ዘሀቢያ፣ ሙሽራይቱ በትንሹም በትልቁም ያችው ናት። ምስሉ አይለወጥም፤ ልዩነቱ ጊዜው ነው። ትልቁ ትራክተር ነው፣ ለጓሮ ጎመን ትራክተር ምን ያደርግልዎታል? ትንሽ ይታገሱኝና መካከለኛ ላስመጣልዎት» አለኝ።

ይህን ለአንተ ብነግርህ ምን አልህ? «ድሃ ናት ብሎ ንቆሽ ነው። ትልቁን ለሀብታም ሊያስቀምጥ ነው። አንቺ ትልቁን ውሰጂ፣ ግን ተጠንቀቂ፣ ውስጡን ይለውጡብሻል» አልህ። ኡመይር፣ አንተ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበትን ሕንፃ በር ትጠብቃለህ እንጂ እቃውን አትሸጥም። ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። የሰሊጡን ብር ይዤ ሄድሁና ትልቁን ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ ያለውንም ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ማንበብ እንደምችል ሳጂድ እንዲያውቅ።

እሱው ቤት ድረስ መጥቶ ገጠመው። የኮምፒውተሩንም ኃይል ሰጪ፣ ይህን አይችልም ብሎ፣ በጠንካራ ለወጠው። ሲሞክረው እንደ ነፋስ ሆነ። ሲሄድ እኔ የኮምፒውተሩን ልብስ መለስሁ። ያን የጠለፍሁትን ጨርቅ ታስታውሰዋለህ፤ የመተማ መኪና የሚያነሳውን አቧራ ፈርቼ ትንሹንም ካርድ ዓመት ሙሉ አልብሼው ነበር። ትልቁ ውድ ነውና ሌላ ወፍራም ጨርቅ ደረብሁለት።

በማግስቱ ሳሚያ የጎረቤታችንን የረፊቃን ልጅ ሠርግ ከዙሁር በኋላ ጀመረች። አስር አለፈ። መግሪብ ደረሰ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ሥራው ግን አይገፋም። ከርካሹ አነሰ። ይኸው፣ ወንድሜ ያለው ደረሰ አልሁ።

በገበያ ቀን ባዶ ሳጥኑን ይዤ ሳጂድ በር ላይ ቆምሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሌባ፣ የትንሹን ሆድ በትልቁ ልብስ ሸጥህልኝ። ፊደል የማታውቀዋ ዘሀቢያ መሰልሁህ? አሁን አነባለሁ» አልሁት። ልጁ ድምፁን አላነሳም። ኮምፒውተሩን አምጡት አለ። ሳሚያ በባጃጅ አመጣችው። የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጎኑን ከፍቶ ከዚያው ሠርግ ቁራጭ ወሰደና መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ባለው ትንሽ ካርድ፣ ቀጥሎ በእኔው ትልቁ አሠራው። በትንሹ ሲሠራ ሰዉ ገበያውን ዞሮ ተመለሰ። በትልቁ ሲሠራ የታዘዘው ሻይ ሳይበርድ አለቀ። አንዱ ተሸካሚ «እንግዲህ ወይ ካርዱ ወይ ሴትዮዋ ተለውጣለች» አለና አሳቀብኝ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ። «ሰው ፊት ሲሆን እውነተኛውን መልሰህ አስገባኸው» አልሁት። ቤት ወስጄ ብገጥመው ደግሞ ያው፣ ሰነፈ። ከዚያ ወዲያ አፌን ማን ይያዘው? በወፍጮ ቤት፣ በውሃ ወረፋ፣ ሳጂድ ሌባ ነው፣ እጁ ላይ ያለውን እቃ ዓይናችሁ እያየ ይለውጣል እያልሁ አወራሁ። ሰውም ሰማኝ። ከገለጉ የሚመጡት ገበሬዎች እንኳ ስልካቸውን ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመሩ።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ሙሐመድጣሂር በዱላ ተደግፈው ልጃቸውን አስከትለው ቤቴ መጡ። «ዘሀቢያ፣ በዚህ ከተማ ሸምግያለሁ፣ ሌባ ተብዬ አላውቅም። ልጄ ሰርቆሽ ከሆነ አሳዪኝና እኔው ልካስሽ» አሉ። ሳጂድ የሳሚያ ክፍል ውስጥ ገባ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ነበር። የላይኛውን ጨርቅ ገለጠ፣ ሌላ አገኘ። እጁን ከሥሩ ቢያስገባ እሳት እንደነካው መለሰው። «እማ ዘሀቢያ፣ ትራክተር ራዲያተሩን በጆንያ ሸፍነው ያርሳሉ?» አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው ወንድሜ። ትንሹ ካርድ ጥቂት ይበላል፣ ጥቂት ይሞቃል፣ ጨርቁን ችሎት ኖረ። ትልቁ ብዙ ስለሚሠራ ብዙ ይግላል፤ መተንፈሻ ሲያጣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ሱቅ ውስጥ ጎኑ ተከፍቶ ነበር፣ እኔ ዘንድ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኗል። ጨርቁ ሲወርድ፣ ካርዱም ሲበርድ፣ የረፊቃን ልጅ ሠርግ ዓይናችን እያየ አወጣው። ሳጂድ ሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም። ጨርቁን አንስተው አዩና «ጥልፉ ያምራል» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስድቤ የተነገረው ገበያ መካከል ነው፤ እውነቱ ግን ከሳሚያ ክፍል አልወጣም። ሐጂ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔን እየጠበቁ ነው። ልጁ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። እኔም በእሱ በር ላለማለፍ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ በቆሻሻው በኩል፣ ዞሬ ነው ገበያ የምደርስ። ሰው ሲጠይቀኝ ጥላ ፍለጋ ነው እላለሁ። በዚያ በኩል አንድም ዛፍ የለም።

አንተም ለሐጂ ደውልና የድርሻህን ይቅርታ ጠይቅ። እህቴ ናት ያጠፋች ብትል እሰማለሁ።

ይህን የምታደርስልህ ሙባረካ ናት፤ እሑድ ወደዚያ ስለምትነሳ ቸኩዬ ነው የጻፍሁት፣ ፊደሉ ቢጣመም ታገሠኝ። መጂዳን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን በርታ በልልኝ፣ ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። ሳሚያ ሰላም ብላሃለች፤ ምክር ግን አይላክልን ብላለች።

የፊታችን የገበያ ቀን ያን ጥልፍ ጨርቅ ይዤ እሄዳለሁ። ሳጂድን ሌባ ያልሁበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ እንዴት እንደነበረ በዚያው ድምፄ እናገራለሁ። ይሳቁብኝ። በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ግን ከእንግዲህ አልዞርም።

እህትህ ዘሀቢያ
ሸሕዲ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.