አባባ በወንድማቸው ላይ ማጭድ ያነሱ ዕለት

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ቶኩጂ፤

ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰላምታ መንገድ ላይ ቢደክምም ከልብ የወጣ ነውና ይቀበሉኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ተሻለዎት? እትዬ ሳዳኮና ልጆቹስ የብራዚልን ሙቀት ቻሉት? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

እማማ «ስደተኛ ልጄን አታስደንግጪው» ብላ ከልክላኝ ነበር። ነገር ግን ተመልሼ የአባባን ማሳ አርሳለሁ ብለው ስለጻፉ ዝም ማለት አቃተኝ። ማሳው የለም፣ ወንድም ጋሼ።

የባቡር ጣቢያና የቶኪዮ ሠራተኞች የሚያድሩበት ፎቅ ሊሠራ ነው ሲባል መንደሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። አጎት ኪሳኩ ድርሻቸውን ሸጡ። አባባ ግን «መሬቴን የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ይቅበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ቦዩ ዞሮ ይተፋ ነበር።

በሚያዝያ ቀያሾቹ ፖሊስ አስከትለው መጡ። እኛም ለማዳበሪያ ያጠራቀምነውን ዓይነ ምድር በባልዲ ይዘን ከገብሱ ዳር ቆምን። እማማ የመጀመሪያውን ባልዲ አዛዡ ላይ ደፋችበት፤ ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ዱላ ወረደብን። የጎረቤታችን የወይዘሮ ኦቶሜ ጥርስ ረገፈ፤ እኔን በፀጉሬ ይዘው ጭቃ ለጭቃ ጎተቱኝ።

በዚህ መሃል አጎት ኪሳኩ ለቀያሾቹ ድንበሩን ሊያሳዩ ብቅ አሉ። «ጋሼ፣ ይብቃዎት! አባታችን ከዚህ ጭቃ ምን አተረፉ? ጎብጠው ሞቱ እንጂ!» አሏቸው። አባባ «መሬቱን በሸጥክበት አፍህ አባቴን አትጥራ!» ብለው ማጭዳቸውን ሰነዘሩ። አጎታችን ፊታቸውን በእጃቸው ሲከልሉ ሦስት ጣታቸው ጭቃው ላይ ወደቀ። ደሙ እስከ እኔ ተረጨ። አባባ ማጭዱን ወርውረው፣ የራሳቸውን ፎጣ ፈትተው፣ የወንድማቸውን እጅ ጠፍረው ማሰር ያዙ። ፖሊስ ጭንቅላታቸውን የፈለጣቸው ቁስሉን እያሰሩ ሳሉ ነው።

እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ገብሱ እሸት እንደሆነ በቡልዶዘር ተገለበጠ። እማማ ከመኪናው ፊት ተኝታ በጉልበት ነው ያነሷት።

በጥቅምት ሲፈቱ አባባ ወደ ቤት አልመጡም፤ በቀጥታ ወደ አጎት ኪሳኩ ደጅ ሄዱ። ዳግም ደም ሊፈስ ነው ብዬ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። በሩ ሲከፈት ግን አባባ በግንባራቸው ተደፉ። አጎታችን ጎንበስ ብለው «እርስዎ ማሳ የለዎት፣ እኔ ጣት የለኝ። ይነሱ፣ ብርድ ነው» አሏቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ለመሬት ብለው አይምጡ፤ ለአባባ ይምጡ። ሲመጡም በቀኛቸው ይቀመጡ፤ ግራ ጆሯቸው ከዚያ ዱላ ወዲህ አይሰማም።

እማማ ጉንጭዎን ትስማለች። ወይዘሮ ኦቶሜ ጥርስ ባይኖራቸውም ይስቁልዎታል። እትዬ ሳዳኮን አቅፈው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። አጎት ኪሳኩም «ሰላም በይልኝ» ብለውኛል፤ አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር፣ አልከለከሉኝም።

እህትዎ ፉሚዬ
ሺሞኩሪ፣ ሳይታማ
ኅዳር 1968